ቤታችንና ከደጃችን ውጭ ያለው ጎረቤት

ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ሲነገር የብዙዎቻችን አሳብ ወደ ሩቅ ደንና ወደ ትላልቅ ፋብሪካዎች ይሄዳል፤ ጉዳዩ የመንግሥትና የባለሙያ እንጂ የአንድ አባወራ መስሎ አይታየንም። ይሁን እንጂ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1990 ለዓለም የሰላም ቀን ባስተላለፉት መልእክት የፍጥረት መጎሳቆል የግብረ ገብ ጥያቄ መሆኑን አስተምረዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ውዳሴ ላንተ ይሁን» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው የምድርን ጩኸትና የድሆችን ጩኸት ነጣጥለን ልንሰማ እንደማይገባ አስረድተዋል። ታዲያ እነዚህ ሁለት ጩኸቶች በአንድ ግቢ ውስጥ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ሲመስሉ ምን እናድርግ? ጥያቄው ወደ እኔ የመጣው ከገዛ ማድ ቤቴ ነው።

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ቤት ሠርተን በገባን ጊዜ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ ሊሾ አስደረግነው፤ ጭቃ እንዳይኖር፣ ለዓይንም ንጹሕ እንዲሆን ብለን ነው። በተከታዩ ክረምት ከበታቻችን የሚኖሩት አዛውንት ጎረቤታችን በራችንን አንኳኩተው «ልጄ፣ የእናንተ ዝናብ እኮ እኔ ቤት ገባ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚዘንብ 80 ካሬ ሜትር ከሆነው ጣሪያችን ብቻ ከ80,000 ሊትር በላይ ይወርዳል፤ አብዛኛውም በክረምት ወራት። ይህን ሁሉ ወደ አንድ ሽማግሌ ግድግዳ እየላክን፣ በበጋ ደግሞ ቧንቧው ደረቀ ብለን እናማርር ነበር።

ከሊሾው ግማሹን አስፈነቀልን፤ አሸንዳ አስገጠምን፤ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አስቀመጥን፤ የተረፈውም በጓሮ በተቆፈረ ጉድጓድ ወደ መሬት እንዲሰርግ አደረግን። ወደ ቦይ የምንደፋውን እጣቢም ማሰብ ጀመርን። ከየደጃችን የሚወርደው ወደ አቃቂ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳልና፤ በአቃቂ ዳር በዚያው ውኃ የለማውም ጎመን ተመልሶ በገበያ ይጠብቀናል። በዚህ ረገድ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም፤ ለጎረቤት የሚበጀው ለምድርም ይበጃል።

አስቸጋሪው ማገዶው ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የከተማይቱን ምድጃ ያነደደው በአብዛኛው እርሱ ነው፤ ቅርንጫፍና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱትን ሴቶች ያላየ ነዋሪም የለም። እኛም ለዓመታት እንጀራ የጋገርነው ከእነርሱ አንዷ በምታመጣልን እንጨት ነበር። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነደው እሳት አብዛኛው ሙቀቱ በጎን ያመልጣል፤ ጢሱም በጋጋሪዋ ዓይንና ሳንባ ይቀራል። ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል፤ እኛም መጀመሪያ እርሱን ያዝን። በኋላ ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛን፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ኃይል የሚመነጭ ነውና ኅሊናችን ዐረፈ። (ለቡና ከሰሉን አልተውንም። በተለመደው አከሳሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት 5 ኪሎና ከዚያም በላይ እንጨት እንደሚፈጅ እያወቅሁ ይህን መጻፌ ያሳፍረኛል።)

ከዚያ ሴትዮዋ መጣች። ሸክሟን እንደ ወትሮው ግንቡ ሥር ካሳረፈች በኋላ ምጣዱን አይታ ባለቤቴን «እትዬ፣ እንግዲህ አልምጣ ማለት ነው?» አለቻት። ባለቤቴ መልስ አጣች፤ እኔም አጣሁ።

በዚያ ምሽት ሁለት ማመካኛ ፈለግን። አንደኛው ለእርሷ ስንል እንጨት መግዛታችንን እንቀጥል የሚል ነበር። ነገር ግን ወገብ የሚሰብር ሸክም እንዳይቋረጥ ገንዘብ መስጠትን ፍቅር ብሎ መጥራት ይከብዳል፤ እውነቱን ለመናገር፣ ርካሽ ማገዶ ያገኘነው ከድህነቷ የተነሣ ነው። ሁለተኛው ማመካኛ ደግሞ እኛ ለምድር በጎ ሠርተናል፣ የእርሷን ኑሮ ሌላ ይየው የሚል ነበር። ይህኛው የባሰ መሰለኝ። ሥራው በጎ ስለሆነ ብቻ ወጪውን ማንም ይክፈለው ማለት አይቻልም። እኛ የምጣዱን ዋጋ ከሱቅ ከፍለን የጨረስን መስሎን ነበር፤ ቀሪውን ግን የምትከፍለው እርሷ ነበረች። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ፍትሕና ምጽዋት የተለያዩ መሆናቸውን ለልጆች እናስተምራለን፤ ለዓመታት በጀርባዋ ድካም እንጀራ የበላን ሰዎች ልማዳችንን ስንለውጥ ለእርሷ ያለብን የመጀመሪያው እንጂ ሁለተኛው አይመስለኝም።

ያደረግነው ጥቂት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች በምጣዱ እንድትጋግር፣ ለቤታችን ከሚበቃው የተረፈውንም ለጎረቤት ሸጣ ገንዘቡን ለራሷ እንድታደርግ ተስማማን፤ ለጤፍ መግዣም መነሻ ሰጠናት። መብራት በጠፋ ቀን ሊጡ ይኮመጥጣል፤ በአንዳንድ ሳምንትም ከእንጨቱ ያነሰ ታገኛለች፤ ይህንኑ ሳትደብቅ ነግራናለች። በቅርቡ ደግሞ አብራት እንጨት ትለቅም የነበረችውን ጓደኛዋን ይዛ መጥታ «እርሷስ?» ስትል ጠየቀችን። በቤታችን ያለው አንድ ምጣድ ብቻ ስለሆነ በቁምስናችን ያሉትን ሌሎች ቤተ ሰቦች እያነጋገርን ነው።