የዶክትሬት ተማሪ፦ ባለ ዕዳ፣ ባለ ውለታ ወይስ ባለ አደራ?

«የተማረ ይግደለኝ» የሚለው ብሂል ሕዝባችን ለዕውቀት ያለውን ክብር ያሳያል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳይናገር ያልፋል፤ የተማረው ሰው በማን እንጀራ ተማረ? ትምህርቱን ሲጨርስስ ዕውቀቱ የማን ነው? ይህ ጥያቄ በማንኛውም ተማሪ ላይ ሊነሣ ይችላል። በዶክትሬት ተማሪ ላይ ግን ይበረታል። እኩዮቹ ቤት ሠርተው ልጅ ሲያሳድጉ እርሱ ገና በአንድ ጥያቄ ላይ ተቀምጦ ዓመታት ይቆጥራል፤ በእነዚያ ዓመታትም ሌላ ሰው ይሸከመዋል።

በካርቲየ 5 የምንኖር ሰዎች ነገሩን ከሩቅ የምናየው አይደለም። በወደብ ሥራ፣ በመኪና ማሽከርከር፣ በችርቻሮ ንግድና በሰው ቤት አገልግሎት ከሚገኘው ፍራንክ ላይ ተቆንጥሮ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚላከው ገንዘብ የወንድም የእኅት የትምህርት ወጪ ይሆናል። የዕቁብ ዕጣ ሲደርስም የመጀመሪያው አሳብ ብዙ ጊዜ ደብተርና የቤት ኪራይ ነው። እንግዲህ ላኪው ከተማሪው ምን የመጠበቅ መብት አለው? ተማሪውስ ምን ይጠበቅበታል?

አማርኛችን ለዚህ ሦስት ቃላት አሉት፤ ዕዳ፣ ውለታና አደራ። ሦስቱ አንድ አይደሉም። ዕዳ ይቆጠራል፣ ይከፈላል፣ ይዘጋል። ውለታ ሰውን ከሰው ጋር ያስራል፤ ይመለሳል እንጂ አይዘጋም። አደራ ግን የራስ ያልሆነን ነገር ጠብቆ ለሚገባው ማድረስ ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የተባለውም ስለዚህ ነው።

መንግሥታትና ተቋማት የዶክትሬት ትምህርትን በዕዳ ዓይን ማየት ይቀናቸዋል። በኢትዮጵያ ለከፍተኛ ትምህርት የሚላክ የዩኒቨርሲቲ መምህር ተመልሶ ሊያገለግል ውል ይፈርማል፤ ብዙ ጊዜም ዋስ ይጠራል። ውሉ ተገቢ ነው፤ ከድሃ ሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ ያለ ውል ሊሰጥ አይገባም። ዳሩ ግን ውል የሚቆጥረው ዓመታትን ብቻ ነው። ተመልሶ ምንም ሳይሠራ የውሉን ዘመን የጨረሰ ሰው በውሉ ፊት ንጹሕ ነው። ያልተመለሰው ሰው ዕዳ ደግሞ በዋሱ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ዋሱም ደመወዙ የሚበቃው ዘመድ ወይም ጓደኛ ነው። እንዲህ ያለው ሒሳብ ገንዘብ ያስመልስ ይሆናል፤ ዕውቀትን ግን አይመልስም።

ቤተሰብ ደግሞ ነገሩን የሚያየው በውለታ ነው። የውለታ ፍቅር ታላቅ ነው፤ ፈተናም አለበት። «እስከ መቼ ትማራለህ?» የሚለው የእናት ጥያቄ ከማንኛውም ፈታኝ ጥያቄ ይከብዳል። ውለታው የከበደው ተማሪ ጥናቱን አቋርጦ ቶሎ ደመወዝ ወደሚከፍል ሥራ ይሮጣል፤ ወይም አገሩ የሚፈልገውን ጥያቄ ትቶ ሌላው ዓለም ገንዘብ የመደበለትን ይመርጣል። ይህን በማድረጉ ልንፈርድበት አንችልም። ሆኖም ስለ እርሱ የተቆነጠረው ፍራንክ ለዚህ አልነበረም።

ከሁለቱ ይልቅ የሚረዳን ሦስተኛው ቃል ነው። ለዚህም ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአብነት ተማሪ ለቅኔ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋሸራ፣ ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር እየተጓዘ ዓመታት ሲማር ያበላው የማያውቀው መንደር ነበር። በወሎም እነ ዳናና ገታን ወደ መሳሰሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት የሚጓዘው ደረሳ በአካባቢው ሕዝብ እንጀራ ተምሯል። መንደርተኛው ውል አላስፈረመም፣ ዋስም አልጠራም። ተማሪው ሊቅ ሆኖ በሌላ አውራጃ ወንበር ቢዘረጋ «እንጀራችንን በልቶ ጠፋ» ያለው የለም። ለምን? ሌላ ተማሪ ከፊቱ ተቀምጦ ይማር ነበርና ነው። አደራው ለሰጪው አልተመለሰም፤ ወደ ተከታዩ ተላለፈ።

አንባቢ እዚህ ላይ ተቃውሞ ቢያነሣ ትክክል ነው። በዚያ ሥርዓት ዕውቀቱ የሚዞረው በአንድ አገር ውስጥ ነበር፤ የጎጃም እንጀራ ያፈራውን ሊቅ ጎንደር አገኘው። ዛሬ ግን በካርቲየ 5 የተቆጠበው ፍራንክ ያስተማረው ሰው ሩቅ አገር ሄዶ ቢቀር፣ አደራውን የሚቀበለው ማን ነው? ጥያቄው አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዎቹን የዶክትሬት መርሐ ግብሮች የጀመረው ግን በ1987 ነው። በመካከሉ ባሉት 37 ዓመታት ዶክትሬት የፈለገ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ነበረበት። ብዙዎች ተመለሱ፤ ብዙዎችም ቀሩ።

ሁለት ሰዎችን ማነጻጸር ይጠቅማል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የቢልሃርዚያ በሽታን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እንዶድ እንደሚገድል ያሳየው ምርምርም ከዚያ ተጀመረ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ደግሞ ከአለማያ ተነሥተው በ1978 በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ። በሱዳን ሠርተው ድርቅን የሚቋቋም ድቅል ማሽላ ካበረከቱ በኋላ በዚያው በፐርዱ መምህር ሆኑ፤ ነገር ግን ጥያቄያቸው የአፍሪካ ገበሬ ማሽላና ጠላቱ አቀንጭራ ሆኖ ቀረ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። አንዱ ተመልሰው፣ ሌላው ርቀው ሠሩ፤ ሁለቱም ግን አደራ በላ አይባሉም። ስለዚህ አደራ የሚጠበቀው በመኖሪያ አድራሻ ብቻ አይደለም፤ ሰውየው የማንን ጥያቄ ተሸክሞ እንደሚኖር ማየት ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ አደራ ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ያስራል። እህል አደራ የሰጠ ሰው ጎተራ መኖሩን ማየት አለበት። አማካሪ የማያገኝ፣ የምርምር ዘዴና የጽሑፍ ሥልጠና የማይሰጠው፣ ቤተ ሙከራው ኬሚካል የሌለው፣ ከማስተማር በቀር ሌላ የሥራ በር የማያውቅ የዶክትሬት ተማሪ «ከዳን» ቢባል ክሱ ጎደሎ ነው። ሥልጠናና የሥራ ዕድል ለተማሪው የሚደረግ ቸርነት ሳይሆን ከአደራው የሰጪው ድርሻ ነው። የጎረቤት አገሮች ይህን በኅብረት መሸከም እንደሚችሉ የሚያሳይ ምሳሌ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ተቋቁሞ ማዕከሉን በአዲስ አበባ ያደረገው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት፣ ኦስሪያ፣ ለወጣት ተመራማሪዎች የምርምር ድጋፍና የዘዴ ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል።

ዕውቀት የሚሠራበት ወንበርም በዩኒቨርሲቲ ቅጥር ብቻ አይገኝም። በጀርመን አገር የተማሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እ.ኤ.አ. በ1919 እስኪያርፉ ድረስ ካገለገሉባቸው ሥራዎች መካከል የጅቡቲ የምድር ባቡር ተቆጣጣሪነትና የድሬዳዋ ነጋድራስነት ይገኙበታል። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞታቸው በኋላ በ1924 ነው። ስለ ንግድና ስለ ቀረጥ የጻፉት ሰው ንግድና ቀረጥ ባሉበት ቦታ ሠርተዋል። ዛሬም ወደቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር፣ የመጠጥ ውሃው ጨዋማነትና የከተማው ሙቀት ተመራማሪ ይሻሉ። የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ በ2006 ከተቋቋመ ወዲህ በፈረንሳይኛ የሚማረው የሰፈራችን ልጅና በእንግሊዝኛ የሚማረው የድሬዳዋ ዘመዱ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ አብረው ሊሠሩ ይችላሉ፤ መንገዱን ግን ተቋማቱ ሊከፍቱላቸው ይገባል።

ከተማሪውስ ምን እንጠብቅ? ሁለት ነገሮች ይበቃሉ። አንደኛው፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ቢያንስ አንድ ተማሪ እጁን ይዞ መምራት ነው። ሁለተኛው፣ ያገኘውን ላኪው በሚያነበው ቋንቋ መንገር ነው። በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ የተጻፈ ሦስት መቶ ገጽ ጥናት ከመደርደሪያ ሳይወርድ ሲቀር፣ በአማርኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በአፋርኛ የተጻፈ አምስት ገጽ ማጠቃለያ ጥያቄውን ለኖሩት ሰዎች መልሱን ያደርስላቸዋል። ይህ ውል አያስፈልገውም፤ ወጪውም ጥቂት ነው።

ከእኛ ከላኪዎቹም አንድ ነገር ይጠበቃል። ለተማሪው ስንደውል ስለሚመረቅበት ቀንና ስለሚያገኘው ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ስለሚያጠናው ነገርም እንጠይቀው። መልሱን በቀላል ቃል ማስረዳት ቢያቅተው እስኪችል ድረስ ደግመን እንጠይቀው። በገንዘባችን የተላከው ልጅ ለእኛ ማስረዳትን ከተለማመደ፣ ነገ ለገበሬው፣ ለወደብ ሠራተኛውና ለሹሙ ማስረዳት አይቸግረውም።