«ጠፋ» እና «አጠፋ»

እንጅባራ ላይ ወሬ የሚጀመረው ከሰማይ ነው። የአዊ ዞን ርእሰ ከተማ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናትና ደመና ለእርሷ እንግዳ ሳይሆን ጎረቤት ነው። ሌላው አገር «መስከረም ጠባ» ብሎ ፊቱን ለፀሐይ ሲሰጥ፣ እዚያ ጃንጥላ ገና አይታጠፍም። አዲሱ ዓመት በቀን መቁጠሪያ ይገባል፤ ክረምቱ ግን አልወጣም። ታዲያ እንጅባራም ሆነ ዳንግላ፣ ጠላ ቤት ገብቶ አረፍ ያለ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠብቀው የሰማይ ስሞታ ነው።

ከእንዲህ ያለው ጨዋታ አንዱን ላካፍላችሁ። በር ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ የተደፋባት አንዲት ቤት ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተቀምጠናል። የቤቱ እመቤት እየቀዱ፣ «ጠላዬ አልፈላ አለኝ» አሉ።

«ምን ሆኖ እትዬ?» አለ አንድ ወጣት መምህር።

«ሰማዩ ነዋ! ብቅሉን የት ላስጣው? ጌሾው ሻገተ። እንጨቱ ይጨሳል እንጂ መቼ ይነዳል?»

«ሰዉ ራሱ ጠፍቷል እኮ» አሉ ጥግ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ። «ድሮ በገበያ ቀን እዚህ መቀመጫ ይገኝ ነበር?»

«እሱም ሰማዩ ነው።»

«ማታ ማታስ ለምንድን ነው በጊዜ የምትዘጊው?»

«እሱም ሰማዩ ነው» አሉ ሴትዮዋ። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ።

ቶሎ የቆመበት ምክንያት አለው። ሴትዮዋ ሦስት ነገሮችን በአንድ ቃል ጠርተዋል። ሦስቱ ግን አንድ አይደሉም።

የመጀመሪያው እውነተኛው ሰማይ ነው። ጠላ ፀሐይ ይፈልጋል። ብቅል የሚሆነው እህል ርሶ ከበቀለ በኋላ መድረቅ አለበት፤ ጌሾውም እንዲሁ። ከዚያ ጌሾው ተዘፍዝፎ ይጠነሰሳል፤ ብቅሉና ኪታው ሲገባበት ድፍድፍ ይሆናል፤ የተቆላው አሻሮ ተፈጭቶ፣ እንኩሮ ሆኖ ይከተላል፤ ጋኑ ታፍኖ ይጠበቃል። ብርድ ሲሆን ደግሞ መፍላቱ ይዘገያል። ስለዚህ ሴትዮዋ ሰማዩን ሲከሱ ሙያቸውን እየተናገሩ ነው። እዚህ ላይ ጥፋተኛ የለም።

ሦስተኛውን ላስቀድም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሰዓት እላፊም ተከተለ። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ጊዜው ቢያበቃም ግጭቱ አብሮት አላበቃም። ያን ጊዜ ያየ ሰው «ማታ ለምን ትዘጊያለሽ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ያውቀዋል። ግን ልጆች የምታሳድግ ሴት፣ ማንም ገብቶ በሚቀመጥበት ቤት ውስጥ ያንን መልስ ጮክ ብላ ትናገር ዘንድ የምንጠብቅባት በምን ሒሳብ ነው? አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲሉ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጧቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም። አቅም ላነሰው ሰው ሁለቱም ከላይ የሚወርዱ ናቸው። ይህን ፍርሃት ብላችሁ ልትጠሩት ትችላላችሁ። እኔ ግን ምላስን ቆልፎ ቤትን የማቆየት ጥበብ ብለው እመርጣለሁ።

የሚያስቸግረኝ ሁለተኛው ነው። «ሰዉ ጠፋ» ሲባል «ሰማዩ ነው» የሚባለው። እርሱ ሰማይም አይደለም፤ ንጉሥም አይደለም። እርሱ እኛ ነን።

ቢራ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ከተመሠረተ መቶ ዓመት አልፎታል። ይሁንና ለረጅም ዘመን ቢራ የከተማ ሰው መጠጥ ሆኖ ቆየ። ዳሸን ጎንደር ላይ በ1992 ዓ.ም. ተከፈተ። ሃይኒከን የበደሌንና የሐረርን ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ገዛ። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ በየገጠሩ መንገድ ገባ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እስካስወጣው ድረስ፣ እስክስታውም ሽለላውም ማተቡም ቢራ ሲሸጡልን ነበር። የጠላ ቤቷ ማስታወቂያ ያው የተደፋች ጣሳ ናት።

ይሁን እንጂ ማስታወቂያ እጅ ይዞ አይወስድም። ለሰርጉ ሃያ ሳጥን ቢራ ያዘዘው፣ ማኅበሩን በጠርሙስ ያወጣው፣ በመድረክ ላይ «ጠላ ባህላችን ነው» ብሎ ሲያበቃ ቢራ ይዞ «ለጤናችን» ያለው የተማረው ሰው ነው። ከዚያ ሁላችንም ተሰብስበን «ኧረ ባህላችን ጠፋ!» እንላለን።

ቋንቋችንም እዚህ ላይ ሳያግዘን አልቀረም። «ጠላ ቤቱ ተዘጋ» እንላለን፤ ማን ዘጋው? «ባህሉ ጠፋ» እንላለን፤ ማን አጠፋው? በ«ጠፋ» እና በ«አጠፋ» መካከል ያለችው አንዲት አ ብቻ ናት። አድራጊውን የምታመጣው ግን እርሷ ናት። «ጥፋት» የሚለው ስም ደግሞ ሁለቱንም ይዞ ይዞራል፤ መጥፋትንም በደልንም። እኛም እንደሚመቸን እንጠቀምበታለን፤ የጎረቤት ሲሆን አጠፋ፣ የራሳችን ሲሆን ጠፋ።

ስለ ሰማይ በማጉረምረም የሚታወቁት እንግሊዞች ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸው ነበር። ትልልቅ ፋብሪካዎቻቸው በበርሜል እየበሰለ የሚቀዳውን ነባር ቢራ ትተው ጋዝ የተሞላውን ሲያዳርሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 አራት ጠጪዎች ተመካክረው «ካምራ» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ ዛሬም አለ። መጠጥ ቤቶቻቸው መዘጋታቸው ባይቆምም ያ ቢራ ግን አልጠፋም። ልብ በሉ፤ የተነሱት ጠማቂዎቹ አይደሉም፤ ጠጪዎቹ ናቸው። ነገሩን ከሰማይ እንደወረደ አልቆጠሩትም።

«እና እኛም እንነሳ ልትል ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ቆይ፣ አልቸኩልም። ቢራ የወደደ ሰው ኃጢአት አልሠራም። ጠላ ቤትም ቅዱስ ቦታ አይደለም፤ የልጅ ደብተር መግዣ የቀረበት ቤት ነው፣ ጠብ የተነሳበት ቤት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠላ የሚጠመቀው በፋብሪካ አይደለም፤ ዓይኗ በጭስ የሚያለቅስ፣ ወገቧ በእንስራ የጎበጠ እናት ናት የምትጠምቀው። ለምን እንደምትደክም ብትጠየቅ «ልጄ ከዚህ ጭስ ትውጣልኝ ብዬ» ትላለች። ያቺ ልጅ ተምራ፣ ሥራ ይዛ፣ እናቷን «እማዬ፣ በቃሽ» ብላ ጋኑን ብታስገለብጣት ማን ነው የሚያለቅሰው? «ባህላችን ጠፋ» ብሎ የሚያዝን ሰው ካለ፣ እርሱ የሚያዝነው ለጠላው ነው እንጂ ለሴትዮዋ አይደለም። ለእኛ ትዝታ ሲባል ሌላ ሰው ጭስ ውስጥ እንዲቆይ መመኘት ባህል መውደድ አይባልም።

እንግዲህ ጥያቄው ጠላ ቤቱ ተዘጋ ወይስ አልተዘጋም አይደለም። እንዴት ተዘጋ ነው። ልጅ ደርሳላት የዘጋች እናት እንኳን ደስ አላት። ገብሱ፣ ዳጉሳው፣ ጌሾው፣ እንጨቱ ሲወደድባት ዋጋ መጨመር አፍራ፣ ከትርፉ ኪሳራው በልጦ የዘጋች እናት ግን አልጠፋችም፤ አጥፍተናታል። ጣሳው አንድ ብር ሲጨምር «እንዴ እትዬ፣ ምነው!» የሚለው አፍ፣ ቢራ ሲጨምር ተንፈስ ብሎ ይከፍላል። ጠርሙሱ ላይ ያለው ዋጋ እንደ ሰማይ ነው፤ አይከሰስም። የሴትዮዋ ዋጋ ግን ይከሰሳል፤ እርሷ ከፊታችን ናትና። ስንት ሐኪምና መሐንዲስ ያሳደገ ሙያ ዛሬም «የጠላ ሻጭ ልጅ» በሚል ስድብ ይጠራል፤ ተሳዳቢው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያው ጣሳ የጠጣ ነው።

ስለ ሰማይ ማውራት ነፃ ነው፤ ለዚህም ይሆናል የምንወደው። ሰማዩ በራሱ ጊዜ ይገልጣል። የጣሳዋ ዋጋ ግን ከላይ አይወርድም፤ ከኪሳችን ነው የሚወጣው።