ሰው ያላማረ ቤቱን ስለ ምን ይናፍቃል?

አሜሪካዊው ደራሲ ፍራንክ ባውም የጻፈው፣ ዴንስሎው የተባለ ሠዓሊ በሥዕል ያስጌጠው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ የታተመው «የኦዝ ድንቅ አስማተኛ» የተሰኘው የልጆች ተረት፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይረሳ የኖረው ስለ ጠንቋዮቹና ስለሚናገሩት አራዊት ብቻ አይመስለኝም፤ ሊቃውንት በብዙ ድርሳን የደከሙበትን አንድ ብርቱ ጥያቄ፣ ይኸውም ሰው ወደ ቤቱ መመለስን የሚናፍቀው ቤቱ መልካም ሆኖ ነውን ወይስ ሌላ ምክንያት አለው የሚለውን፣ ሕፃን ሊረዳው በሚችል አነጋገር ስላነሣ ነው እንጂ።

ደራሲው የተረቱን ዋና ልጅ፣ የዶሮቲን ቤት ሲያሳየን ምንም አላሳመረውም። ካንሳስ በተባለው አገር፣ ዓይን እስከሚደርስ ድረስ ዛፍም ጎረቤትም በማይታይበት ሜዳ መካከል፣ አራት ግድግዳ፣ አንድ ወለልና አንድ ጣራ ያለው ባለ አንድ ክፍል ቤት ቆሟል፤ በውስጡ የዛገ ምድጃ፣ የዕቃ ማስቀመጫ፣ ገበታ፣ ጥቂት ወንበሮችና አልጋዎች አሉ፤ ከወለሉም በታች ዐውሎ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ቤተ ሰቡ የሚሸሸግበት ትንሽ ጉድጓድ ተቈፍሯል። የታረሰውን መሬት ፀሐይ አቃጥላ ግራጫ አድርጋዋለች፤ ሣሩም፣ የቤቱም ቀለም እንዲሁ ሆኗል። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የአክስቲቱ የኤም ነገር ነው፤ ወደዚያ አገር ስትመጣ ወጣትና ቆንጆ ሙሽራ የነበረችው ይህች ሴት፣ ፀሐይና ነፋስ የዓይኗን ብርሃንና የጉንጯን ቅላት ነጥቀዋት፣ ከስታና ጠቊራ፣ ፈገግታን የረሳች ሆናለች፤ እናትና አባቷ የሞቱባት ዶሮቲ መጀመሪያ ወደ እርስዋ የመጣች ጊዜም፣ የሕፃኒቱ ሳቅ ከጆሮዋ በደረሰ ቊጥር በድንጋጤ ጮኻ እጇን በልቧ ላይ ታደርግ ነበር። ባሏ ሄንሪም ከጧት እስከ ማታ የሚደክም፣ ሳቅ የማያውቅ፣ ጥቂት የሚናገር ገበሬ ነው።

እንግዲህ ዐውሎ ነፋሱ ሲነሣ አንድ ነገር ይሆናል፤ ብዙ አንባቢ ሳያስተውለው ያልፈዋል፤ እኔ ግን የመጽሐፉ ምሥጢር ሁሉ በዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ነፋሱ የወሰደው ልጅቱን ብቻ አይደለም፤ ቤቱንም ከነምድጃው፣ ከነገበታው፣ ከነአልጋው አንሥቶ ከርስዋ ጋር ወሰደው። ዶሮቲ ለምለም ሣርና ፍሬ የተሸከሙ ዛፎች ባሉበት፣ ጥሩ ውሃ በሚወርድበት በኦዝ ምድር ስትነቃ፣ የተወለወለ ያልተወለወለ የቤቷ ዕቃ አንድም ሳይጐድል ከአጠገቧ ነበረ። እርስዋ ግን ከዚያው ቤት እንጀራዋን በመሶብ ሸክፋ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍና፣ በሩን ዘግታ፣ ቊልፉን በልብሷ ኪስ በጥንቃቄ አኑራ፣ ቤቷን ፍለጋ መንገድ ጀመረች። ቤቱ ከኋላዋ ቆሞ ሳለ እርስዋ ወደ ቤቷ ለመድረስ መሄዷ ነው። በውኑ ቤት ማለት ግድግዳና ጣራ ቢሆን ኖሮ፣ ይህች ልጅ ከደጃፏ ፈቀቅ ማለት አያስፈልጋትም ነበር።

በመንገድ ያገኘችው፣ ራሱ በጭድ የተሞላው የወፍ ማስፈራሪያ፣ ይህን የመሰለ ያማረ አገር ትታ ወደ ደረቀው ወደ ግራጫው ምድር ለምን እንደምትመለስ ይጠይቃታል፤ እርስዋም ሥጋና ደም ያለው ሰው ሌላው አገር የቱን ያህል ቢያምር በገዛ አገሩ መኖርን እንደሚመርጥ ትመልስለታለች። የማስፈራሪያው ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ከአርስጣጣሊስ ጀምሮ ፈላስፎች የሰው ሥራ ሁሉ አንድ መልካም ነገርን እንደሚሻ አስተምረዋል፤ የሚበልጠውን መልካም ነገር በእጁ ይዞ ሳለ የሚያንሰውን የሚመኝ ሰው፣ በዚህ ሚዛን ቢመዘን፣ ተሳስቷል ሊባል ነው። ልማድ ነው የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን እስረኛ ወኅኒ ቤቱን የቱን ያህል ቢለምደው ከተፈታ በኋላ አይናፍቀውምና፣ ልማድ ብቻውን ናፍቆትን አይወልድም።

መልሱን ልጅቱ ራስዋ በመጽሐፉ ፍጻሜ አካባቢ፣ የደቡብ ጠንቋይ በምትባለው በደጊቱ በግሊንዳ ፊት ቆማ ትሰጣለች። ምኞትሽ ምንድን ነው ተብላ ስትጠየቅ፣ ስለ ካንሳስ ሜዳ ስፋት ወይም ስለ አልጋዋ ምቾት አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ አክስቷ ክፉ ነገር ደርሶባታል ብላ የኀዘን ልብስ እንደምትለብስ፣ የዘንድሮው አዝመራ ካምናው ካልተሻለም አጎቷ የልብሱን ዋጋ ሊከፍል እንደማይችል ተናገረች እንጂ። ይህን ባነበብሁ ቊጥር እደነቃለሁ። ሕፃኒቱ የምታስበው የራስዋን ደስታ አይደለም፤ በሩቅ አገር ስለ እርስዋ የምታዝን አንዲት ሴት መኖሯን፣ የዚያችም ሴት ኀዘን ለድኻው ገበሬ ዕዳ መሆኑን ነው። ስለዚህ ሰው የሚናፍቀው ያማረውን ስፍራ ሳይሆን ስለ እርሱ የሚጨነቀውን ልብ ነው፤ ፈገግታ ያልነበራት ኤምም ለካ የምታፈቅር ነበረች፤ ዶሮቲ በተመለሰች ጊዜ ጎመን ልታጠጣ ወጥታ ሳለች አየቻትና አቅፋ ፊቷን በመሳም ሸፈነችው።

በወንጌል የምናውቀው የጠፋው ልጅም መጀመሪያ እንደ ጭዱ ሰው አስልቶ ነበር፤ በአባቱ ቤት የሞያተኞች እንጀራ እንደሚተርፍ፣ እርሱ ግን በረኃብ እንደሚጠፋ ቈጥሮ ተነሣ፤ ነገር ግን በሩቅ ያየው አባቱ ሮጦ አንገቱን አቅፎ ሲስመው፣ የተሰላው የእንጀራ ነገር ሁሉ ተረሳ። ስለ ሰማያዊት አገራችን ስንሰብክም ይህን መርሳት አይገባንም። ተረቱ ውስጥ ያለችው የመረግድ ከተማ አረንጓዴ ሆና የምታብረቀርቀው ነዋሪዎቿ ሁሉ አረንጓዴ መነጽር በዓይናቸው ላይ ተቈልፎባቸው ስለሚኖሩ ነው፤ እኛም አንዳንድ ጊዜ መንግሥተ ሰማያትን በወርቁና በዕንቊው ብቻ እየሣልን እንዲህ ያለ መነጽር በምእመናን ዓይን ላይ እንቈልፋለን። ባለ ራእዩ ዮሐንስ መረግድን ከአዲሲቱ ኢየሩሳሌም መሠረቶች አራተኛው አድርጎ ቢቈጥረውም፣ ከዕንቊዎቹ ሁሉ አስቀድሞ የተናገረው እግዚአብሔር ከሰዎች ጋር እንደሚኖርና እንባቸውን እንደሚያብስ ነው። ይህ ቅደም ተከተል በከንቱ የተጻፈ አይመስለኝም።

ሌላም ነገር አለ። ዶሮቲን ወደ ቤቷ ሊያደርሳት የሚችለው ኀይል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእግሯ ላይ ነበረ፤ የተጫማችውን የብር ጫማ ተረከዝ ለተረከዝ ሦስት ጊዜ ማጋጨት ብቻ ይበቃት ነበር፤ ነገር ግን የነገራት ሰው አልነበረም። ይህን ሳስብ ትዝ የሚለኝ ከኢየሩሳሌም ወደ አገሩ ሲመለስ በጋዛ መንገድ ላይ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ የነበረው፣ የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ ነው። መጽሐፉ በእጁ ነበረ፤ የሚመራው ሰው ሳይኖር ግን ሊያስተውለው እንደማይችል ለፊልጶስ በትሕትና ነገረው፤ ከተጠመቀም በኋላ ደስ ብሎት ወደ አገሩ ሄደ። ጸጋው በእጃችን ቢኖርም፣ ይህ ጸጋ የአንተ ነው የሚለን መምህር ያስፈልገናል።

ስለ ደራሲው በዝምታ የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ባውም በ1888 በዳኮታ ግዛት አበርዲን በምትባል ከተማ ሱቅ ከፍቶ ከስሮ፣ በኋላም ጋዜጣ አዘጋጅቶ ነበር፤ የካንሳስን ግራጫነት የሣለው በዚያ ድርቅ ካየው ነው ይባላል። በዚሁ ጋዜጣ ግን በታኅሣሥ 1890 እና በጥር 1891፣ የዚያ ሜዳ ነባር ነዋሪዎች የነበሩት የአሜሪካ ሕንዶች ፈጽመው እንዲጠፉ የሚመክር ጽሑፍ አወጣ፤ ዘሮቹም በ2006 ስለዚህ ይቅርታ ጠይቀዋል። የአንዲት ድኻ ገበሬ ሴት እንባ የተሰማው ልብ፣ በዚያው ሜዳ ላይ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ ሌሎች እናቶች መኖራቸውን አለማስተዋሉ እጅግ ያሳዝናል። የገዛ ቤቱን መውደድ የባልንጀራውን ቤት እንዲያከብር ካላስተማረው፣ የዚያ ሰው ፍቅር ገና ጐደሎ ነው።

ደራሲው በ1910 ባወጣው በሌላ መጽሐፉ፣ ነፋስ በወሰደው ቤት ፈንታ ሌላ ለመሥራት የተበደረውን ዕዳ መክፈል ያቃተው ሄንሪ እርሻውን ሊነጠቅ ሲል፣ ዶሮቲ አክስቷንና አጎቷን ወደ ኦዝ ወስዳ በዚያ አኖረቻቸው፤ ለካንሳስም ተመልሳ አላለቀሰችም። ወላጆች ሆይ፣ ይህን ተረት ለልጆቻችሁ ስታነቡላቸው ከአስማቱ ይልቅ ስለ ኀዘን ልብሱ በተነገረው ስፍራ ላይ ጥቂት ቆዩ፤ ዶሮቲ ያን ጊዜ ስለ ማን ታስብ እንደ ነበርም ጠይቋቸው።