ዕድል ባለበት ጨዋታ ምን ይደነቃል?

በእኛ ዘንድ «ካርታ ተጫዋች» የሚለው አጠራር ሙገሳ ሆኖ አያውቅም። ሯጭ ይከበራል፤ ኳስ ተጫዋች ይወደዳል፤ ሰንጠረዥ የሚጫወት ሰው ሳይቀር «ጭንቅላት አለው» ይባልለታል። ካርታ የያዘ ሰው ግን ሥራ ፈት ነው፤ ሲከፋም ቁማርተኛ። ስለዚህ አንድ አሜሪካዊ ካርታ ተጫዋች ሳደንቅ ዓመታት አሳልፌያለሁ ብል አንባቢ ፈገግ ቢል አልቀየምም። ሰውየውን በአካል አላውቀውም፤ የተቀረጹ ግጥሚያዎቹን ነው የማየው። ጥብቅናዬንም አይፈልግም። የሚያሳስበኝ ከአድናቆቴ ሥር ያለው ጥያቄ ነው። ዕድል እጁን ባስገባበት ሥራ ውስጥ ሰው ሊመሰገንበት የሚገባው ድርሻ የትኛው ነው?

ሰውየው ጆን ፊንክል ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የተወለደ ነው። የሚጫወተው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» የተሰኘውን፣ ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ የሒሳብ ምሁር ፈልስፎት በ1993 ለገበያ የቀረበውን ጨዋታ ነው። ይህ እኛ የምናውቀው ባለ 52 ካርታ አይደለም። እስከዛሬ የታተሙት ካርታዎች በዓይነት ከ20,000 በላይ ናቸው። ተጫዋቹ ከእነዚህ መርጦ ቢያንስ 60 ካርታ ያለው የራሱን ጥቅል አዘጋጅቶ ይመጣል፤ ይበውዛል፤ 7 ካርታ ይስባል፤ ከዚያ በየተራው አንድ አንድ እየሳበ ይቀጥላል። ሁለቱም 20 የሕይወት ነጥብ ይዘው ይጀምራሉ፤ የተጋጣሚውን ነጥብ ወደ ዜሮ ያወረደ ያሸንፋል። ካርታዎቹ ላይ አውሬ፣ ጠንቋይ፣ እሳትና መብረቅ አለ። ይህ ሁሉ ግን «መሬት» የሚባሉት ካርታዎች ከሌሉ አይንቀሳቀስም። (በዚህስ ከእኛ ኑሮ ብዙም አይርቅም።)

ዕድል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው በ60 ካርታው ውስጥ 24 መሬት ቢያስገባ፣ መጀመሪያ በሚስባቸው 7 ካርታዎች ውስጥ ወይ መሬት ጨርሶ የማያገኝበት ወይ አንድ ብቻ የሚያገኝበት አጋጣሚ ከ7 ጊዜ አንዴ ያህል ነው፤ ሒሳቡን ራሴ ሠርቼዋለሁ። እጁን መልሶ በሌላ መቀየር ይፈቀድለታል፤ ዋጋው ግን አንድ ካርታ መቀነስ ነው። እንግዲህ የዓለም ምርጥ የተባለው ተጫዋች ከአንድ ጀማሪ ጋር ተቀምጦ አንዲት ስህተት ሳይሠራ ሊሸነፍ ይችላል። በሰንጠረዥም ሆነ በገበጣ እንዲህ ያለ ነገር የለም። በዚህ ጨዋታ እጅግ የተዋጣላቸው ባለሙያዎች እንኳ እኩዮቻቸውን ሲገጥሙ ከሦስት ግጥሚያ አንዱን ያህል ይሸነፋሉ።

ፊንክል በዚህ መሃል ያደረገውን ልንገራችሁ። ፕሮ ቱር የሚባለው የባለሙያዎች ውድድር በ1996 ከተጀመረ ወዲህ 16 ጊዜ ከመጨረሻዎቹ 8 ተጫዋቾች አንዱ ሆኗል። በ1998 ኒው ዮርክ ላይ፣ በ2008 ደግሞ ኩዋላ ሉምፑር ላይ አሸንፏል። በ2000 ብራስልስ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ በፍጻሜው የገጠመው ቦብ ማሄር ይዞት የቀረበው ጥቅል ከእርሱ ጋር አንድ ዓይነት ነበር ማለት ይቻላል፤ መቀያየሪያዎቹን ጨምሮ ከ75ቱ ካርታዎች 73ቱ ይመሳሰላሉ። ከእርሱ የሚበልጥ አለ የሚሉም አሉ፤ ጀርመናዊው ካይ ቡደ ከ1999 እስከ 2003 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ከጓደኞቹ ጋር በቡድን ያገኛቸውን ሁለቱን ጨምሮ፣ 7 ጊዜ አሸንፏል። አልከራከርም። ስንወድ እኮ በቁጥር አይደለም።

እኔን የያዘኝ ስለ ፊንክል ሲነገር የኖረ አንድ አስተሳሰብ ነው። ለእርሱ «ጥሩ አጨዋወት» የሚባል ነገር የለም፤ ትክክለኛው አለ፣ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ስህተት ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ትዕቢት መስሎኝ ነበር። ሳሰላስለው ግን ከትዕቢት ተቃራኒው ሆኖ አገኘሁት። ትክክለኛው ምርጫ የሚለካው በዚያች ደቂቃ በሚታወቀው ነገር ነው እንጂ ቀጥሎ በሚሳበው ካርታ አይደለምና፣ ማሸነፍ ለስህተት ይቅርታ ሊሆን አይችልም ማለቱ ነው። አጨብጭበውለት፣ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ማታ አልጋው ላይ «ሦስተኛው ተራ ላይ ተሳስቼ ነበር» የሚል ሰው ስንት አለ?

ለዚህ ጉዳይ በጨዋታው ታሪክ ከሁሉ የሚጠቀሰው ምሳሌ የፊንክል ሳይሆን የእንግሊዛዊው ክሬግ ጆንስ ነው። በ2006 ሆኖሉሉ ላይ፣ በግማሽ ፍጻሜው ከፈረንሳዊው ኦሊቪዬ ሩኤል ጋር እኩል ለእኩል ሆነው የመጨረሻው ዙር ላይ ደረሱ። ጆንስ ሊያልቅለት አንድ ተራ ቀርቶታል። እጁ ላይ 4 ነጥብ የምታቃጥል አንዲት የእሳት ካርታ አለች። ለመከላከል ሊያውላት፣ ሞቱን ጥቂት ሊያዘገይ ይችል ነበር። እርሱ ግን በሩኤል ላይ ተኮሳትና 3 የሕይወት ነጥብ አስቀረው። ከዚያ ካርታ ሳበ፤ 3 ነጥብ የምታቃጥለው «ላይትኒንግ ሄሊክስ» ሆና ተገኘች። ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፋት አዳራሹ ጮኸ። የሽልማቱ ልዩነት 16,000 ዶላር ስለነበረ ካርታዋ እስከዛሬ በዚያ ዋጋ ትጠራለች። በፍጻሜው ጆንስ በማርክ ኸርበርሆልዝ ተሸነፈ።

ሰው የሚያወራው ስለተሳበችው ካርታ ነው። የጆንስ ሥራ ግን ካርታዋ ከመሳቧ በፊት ያለቀ ነበር። የማሸነፊያው በር አንድ ብቻ መሆኑን አይቶ፣ ያ በር ከተከፈተ ሊገባበት በሚችልበት ቦታ ቆመ። ሌላ ካርታ መጥታ ቢሆን ኖሮስ? ውሳኔው ያው ነበር፤ እኛ ግን «እሳቱን አባከነ» ብለን በተረትንበት።

ፈላስፎች ይህን ነገር ከካርታ ውጭ አንስተውታል። በ1976 እንግሊዛዊው በርናርድ ዊሊያምስና አሜሪካዊው ቶማስ ኔጅል ዕድል በሞራል ፍርዳችን ውስጥ ስላለው ቦታ ተነጋገሩ። ኔጅል ካነሳቸው ምሳሌዎች አንዱ የመኪና ነጂ ነው። በእኩል ቸልተኝነት ከሚነዱ ሁለት ሰዎች አንደኛው መንገድ ላይ ልጅ ገባበት፤ ሌላው ማንም ሳይገባበት ቤቱ ደረሰ። ጥፋታቸው አንድ ነው፤ ፍርዳችን ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። በልቦናችን ይህ ትክክል እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ሆኖም ልጁ የሞተበትን ነጂ እንደ ሌላው ልናየው አይቻለንም። እኔም ይህን ግራ መጋባት የሚፈታ መልስ ይዤ አልመጣሁም።

ከካርታው ትምህርት እወስዳለሁ ባይ ግን መጠንቀቅ ያለበት ነገር አለ። ፊንክል በሺህ የሚቆጠር ጨዋታ ተጫውቷል፤ የዛሬው ክፉ እጅ በነገው ደህና እጅ ይካካሳል፤ ብልህነቱም ከዓመታት በኋላ በመዝገብ ይታያል። ደመናውን አይቶ ዘሩን መሬት ያፈሰሰ ገበሬ ግን ዕድሜ ልኩን የሚስበው ስንት ክረምት ነው? ጥሪቷን ሸጣ ልጇን ወደ አረብ አገር የላከች እናት የሳበችው አንዴ ብቻ ነው። «ትክክለኛውን መርጠሻል፤ ካርታው ነው የከዳሽ» ብንላት ምን ይረባታል? ምርጫዋ ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚያሳይ መዝገብም የለም። ኑሮ ድጋሚ ስለማያድል፣ ከውጤቱ በቀር የምናየው ማስረጃ ያጥረናል፤ ማስረጃ ሲያጥረን ደግሞ ወደ ምሳሩ እንሮጣለን፤ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው። በበኩሌ ከእነዚያ ግጥሚያዎች ያገኘሁት ልማድ ቢኖር፣ ሰው ሲከስር «ያን ቀን የሚያውቀው ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም፤ ምላስን ግን ያዘገያል።

በሌላ በኩል ይኸው ሐሳብ ለሰነፍ መደበቂያ ይሆናል። «እኔ ልክ ነበርኩ፤ የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ማለት እንዴት ይቀላል! ጥሩ ተጫዋች ከዚህ የሚለየው ስህተቱን ባሸነፈበት ጨዋታ ውስጥም ስለሚፈልግ ነው። ዕድልን የሚጠራው ለሌላው እንጂ ለራሱ አይደለም።

«ይህ ሁሉ ጥበብ ለአሻንጉሊት!» የሚል ወቀሳ ይቀርባል። እውነት ነው፣ ካርታዎቹ በታሸገ ፓኬት ውስጥ ምን እንዳለ ሳይታወቅ ለልጆች መሸጣቸው ራሱ ከሎተሪ አይርቅም፤ ያንን አልከላከልም። ለጥቅም አለመዋሉ ግን አያስቆጨኝም። የ100 ሜትር ሯጭም የሚደርስበት ቦታ ምንም ነገር የለም።

ያልተመቸኝ ሌላ ነው። ፊንክል በ2000 ባገኘው ሌላ ድል ሽልማት የተነሳ የራሱ መልክ የተሳለበት ካርታ በ2001 ታትሟል። ያኔ መሬት አጥቶ ቢወድቅ ኖሮ አደንቀው ነበርን? ስሙንም አልሰማም ነበር። ምርጫን እንጂ ውጤትን አላደንቅም እያልኩ፣ የማደንቀውን ሰው ያመጣልኝ ውጤቱ ነው። በየአዳራሹ የኋላ ጠረጴዛዎች ላይ ሁሉን በትክክል መርጠው፣ መሬት ሳይመጣላቸው ቀርቶ፣ ካርታቸውን ሰብስበው የሄዱ ሰዎች ነበሩ። የእነርሱን ግጥሚያ የቀረጸው የለም።