በጥቂት ድምፅ የተገኘ ወንበር

 

ወንበሩ ላይ የነበረው ሰው ዘመኑን ጨርሶ ወረደ እንበል። ሁለት ሰዎች ተፎካከሩ፤ አንዱ በጥቂት ድምፅ በለጠ። ለሌላው ድምፅ የሰጡት ሰዎች ለምን ይታዘዙታል? «ሕጉ ስለሆነ» ማለት ግማሽ መልስ ነው። ሕግ ወንበር ይሰጣል፤ አመኔታን ግን አይሰጥም።

የካቲት 8 ቀን 2017 አዲስ አበባ ላይ የሆነውን እናስታውስ። የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበር ሙሳ ፋኪ ማሃማት ዘመናቸውን ጨርሰው ተተኪ ይመረጥ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ኬንያዊው ራይላ ኦዲንጋ 20፣ የጅቡቲው ማህሙድ አሊ ዩሱፍ 18 ድምፅ አገኙ። በስድስተኛው ዙር ዩሱፍ 26 ለ22 መሩ፤ ግን አልበቃቸውም። ደንቡ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃልና። በሰባተኛው ዙር ብቻቸውን ቀርበው 33 ድምፅ አገኙ። ተፎካካሪ ከሌለም በኋላ፣ ቀድሞ ያልመረጧቸውን ድምፅ ማግኘት ነበረባቸው። ኦዲንጋም ሽንፈታቸውን በጸጋ ተቀበሉ።

በአገራችን ምርጫ ግን እንዲህ ያለ ደንብ የለም። በአንድ የምርጫ ክልል በአንድ ድምፅ የበለጠም ያሸንፋል። የክልል ፕሬዚዳንትንም የሚመርጠው ምክር ቤቱ እንጂ ሕዝቡ በቀጥታ አይደለም። ስለዚህ ደንቡ ያላስገደደውን ኅሊና ማስገደድ አለበት።

የመንዝ አባቶች ይህን ያውቁ ነበር። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ የጓሳን ሣር የሚያስጠብቁት አለቆች የሚሾሙት በተጠቃሚዎቹ ስምምነት ነበር። አለቃው ጓሳውን ለዓመታት ይዘጋዋል፤ በዚያ ጊዜ ማንም አያጭድም፣ ከብትም አያሰማራም። በዚያ ሰፊ ደጋ ላይ ያልተስማማ ሰው በሌሊት ከብቱን ቢነዳ ማን ያየዋል? ሥልጣን ሰውን «ተው» ማለት ነው፤ «ተው» የሚሰማው ደግሞ ካመኑት ሰው አፍ ሲወጣ ነው።

ወጣቶች ሆይ! ነገ በመስጂድ ጀመዓ፣ በዕድር ወይም በተማሪዎች ማኅበር ብትመረጡ፣ ከመረጣችሁ ሰው በፊት ያልመረጣችሁን ሄዳችሁ ጠይቁት። ብትሸነፉም ስብሰባውን ጥላችሁ አትውጡ፤ ያሸነፈውን ሰላም በሉት፣ ሲያጠፋም ፊት ለፊት ንገሩት። ሥልጣን አማና ነው፤ የባለቤቶቹ ግማሽ ደግሞ ያልመረጡን ናቸው።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።