የተለያየ ቃል

አንድ ሰው በራሱ የደረሰውን ሁለት ጊዜ ተናግሮ ቃሉ ቢለያይ ዋሽቷል ልንል ይገባልን? ጥያቄው ለስደተኛ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሰጠው ቃል ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ከሚሰጠው ጋር ይነጻጸራል፤ ልዩነት ከተገኘም ታማኝነቱ ጥያቄ ላይ ይወድቃል። (የእኛ ሰው በዚህ ላይ ዓመቱን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መመለስ፣ ሰዓቱንም በስድስት ማሸጋሸግ አለበት።)

ከዚህ ምርመራ ሥር ያልተነገረ እምነት አለ፤ ትዝታ በሣጥን እንደ ተቆለፈ ሰነድ በወጣ ቁጥር ያው ነው የሚል። የአእምሮን አሠራር የሚመረምረው የሥነ ልቡና ጥናት ይህን እምነት ካፈረሰው ቆይቷል። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ተረት ለእንግሊዛውያን አስነብቦ ደጋግመው እንዲተርኩት እንዳደረገ ጽፏል። ታሪኩ እየቆየ አጠረ፤ እንግዳ የሆነባቸው ሁሉ ወደሚያውቁት ተለወጠ፤ ታንኳውም ተራ ጀልባ ሆነ። ሊያታልል ያሰበ ግን አልነበረም።

ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 ያሳተሙት ሙከራ ደግሞ የጠያቂውን እጅ ያሳያል። የመኪና አደጋ ፊልም ካዩት ውስጥ 50ዎቹ መኪኖቹ «ሲላተሙ»፣ ሌሎች 50 «ሲጋጩ» ምን ያህል ይፈጥኑ እንደ ነበር ተጠየቁ። ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችሁ ነበርን ሲባሉ ከፊተኞቹ 16ቱ፣ ከኋለኞቹ 7ቱ አዎን አሉ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። እንግዲህ አስተርጓሚ በመካከል በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ግሡን የሚመርጠው ማን ነው?

በ2002 በብሪታንያ የታተመ ጥናት፣ የመኖሪያ ፈቃድ በእጃቸው የነበረ 39 የኮሶቮና የቦስኒያ ስደተኞችን ሁለት ሁለት ጊዜ ጠይቋል። ፈቃድ ለማግኘት ብለው የሚዋሹበት ምክንያት አልነበራቸውም፤ ቃላቸው ግን ተለያየ፤ ይበልጡንም በዋናው ድርጊት ሳይሆን በዳር ዳሩ ዝርዝር። መከራው ክፉኛ የጎዳቸው ደግሞ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ጊዜው በረዘመ ቁጥር ልዩነታቸው በዛ።

በእርግጥ ሆን ብሎ የሚዋሽም አለ፤ መርማሪውም ማጣራት ግዴታው ነው። ትዝታ ይለዋወጣል ብሎ ምስክርነትን ሁሉ መጣልም፣ እንደ እኔ ግምት፣ የባሰ ግፍ ነው። ይሁን እንጂ ውሸት ለማታለል ማሰብን ይጠይቃል፤ የበሩ ቀለም ወይም የወታደሮቹ ቁጥር መለያየቱ ያንን ሐሳብ አያሳይም። ሁለቱ ቃሎች ሲጣሉ ባለጉዳዩ ተጠርቶ፣ ልዩነቱ ተነግሮት፣ መልስ እንዲሰጥ ቢደረግ መርማሪው ምን ያጣል?