ዝቅ ብሎ የሚበረው አውሮፕላንና ባንዲራ ያዡ

ባለፈው እሑድ ማታ ከዛፉ ሥር የተከራከርንበትን ነገር ለዚህ ገጽ አቅርበነዋል። ነገሩ የተነሣው ጥጥ ለቀማ በወረድንባቸው ዓመታት ከራሳችን በላይ ሲያልፍ ከምናየው መድኃኒት ረጪ አውሮፕላን ነው። ሰው ስለ እንጀራው ብሎ አደጋ ውስጥ «ወድጄ ገባሁ» ቢል፣ ያሠራው ከኃላፊነት ይድናል ወይ?

አብራሪውን እናስቀድም። ከሰብሉ በላይ ሦስት አራት ሜትር ላይ ይበራል። ከፍ ብሎ የሚሄድ አብራሪ ሞተሩ ቢያስቸግረው ማሰቢያ ጊዜ አለው፤ እዚህ ግን መሬቱ ቅርብ ነው። የመብራት ሽቦ ከአፈሩ ጋር ተመሳስሎ ስለሚጠፋበት ዓይኑ ምሰሶውን ይፈልጋል። እርሻው ጫፍ ደርሶ ሲታጠፍም ፍጥነት ካነሰው፣ ሸክም የከበደበትን ክንፍ አየሩ አይሸከመውም። ሙቀት ደግሞ አየሩን ያሳሳዋል፤ የዚህን አገር ሙቀት ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ታዲያ ለምን ከፍ አይልም? ከፍ ካለ ነፋሱ መድኃኒቱን ወስዶ ሰው ቤትና ከብት ውሃ ላይ ይጥለዋል። አንዱ ወዳጃችን «እንግዲያው ዝቅ ባለ ቁጥር የኛን አደጋ ወደ ራሱ ይወስዳል» ቢለን ዝም አልን። እውነት ነዋ!

ይሁንና የተረጨው ሁሉ ጥጡ ላይ አይቀርም። በሱዳን ገዚራ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ሥራ ከጀመረው የሰናር ግድብ የሚወጣው የዓባይ ውሃ (ከኛው አገር የወረደው) ጥጡን በቦይ ያጠጣ ነበር፤ መንደርተኛውም ከዚያው ቦይ ይቀዳ ነበር። መጀመሪያ በአንድ ወቅት አንዴ ይረጭ የነበረው መድኃኒት በ1970ዎቹ መጨረሻ ስምንት ጊዜና ከዚያም በላይ ደረሰ። ተባዩ መድኃኒቱን ለመደው፤ ተባዩን የሚበሉት ነፍሳት ግን አለቁ።

ዛሬ በሳተላይት የሚመራ መሣሪያ ሳይተካው፣ ለአብራሪው መስመሩን የሚያሳየው እርሻ ዳር ቆሞ ባንዲራ የሚያውለበልብ ሰው ነበር። ከመካከላችን አንዱ በአንድ እርሻ ሁለት ወቅት ይህን ሠርቷል። አውሮፕላኑ ፊት ለፊት ይመጣበታል፤ ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ይቆማል። አፍንጫውን በነጠላ ይሸፍን ነበር። ማታ ማታ ራሱን ያመው፣ ዓይኑም ያነባ ነበር።

አብራሪው እምቢ ቢል ሌላ ሥራ አያጣም። የኛ ሰው እምቢ ቢል ከኋላው ሌላ ስደተኛ ተሰልፏል። ስለዚህ የሁለቱ «እሺ» በአንድ ሚዛን አይቀመጥም ብለን ተስማማን። ያልተስማማው ራሱ ባንዲራ ያዡ ነው። «እኔን እንደ ተነዳ በሬ አትቁጠሩኝ! አስቤ ገባሁበት፤ በዚያ ገንዘብ እናቴን ጦሬበታለሁ» ብሎ ተቆጣ። ቁጣው ተገቢ ይመስለናል፤ መልስም አላገኘንለትም።

ብቻ አንድ ነገር ጠየቅነው፤ ሲቀጥሩህ በርሜሉ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ነግረውህ ነበር ወይ? አልነገሩኝም አለ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ግን ባዶውን በርሜል ሰጥተውት፣ ቤቱ ወስዶ የሚጠጣ ውሃ ያጠራቅምበት ነበር።